የሳህሌ ድርሻ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ጎንደር አጠገብ ወለቃ።

ብዙዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ባለፈው በላክሽው ቃል ቁልቁለቱን መውረድ አቃተኝ ብለሽ ነበር። ዳገቱስ? እሱም ካቃተሽ መሀል ላይ ቀርተሻልና እዚያው ጎጆ ይቀልሱልሽ። ልጆችሽ እንደምን አሉ? የልጅ ልጆችሽስ አደጉ? ጎረቤቶችሽ፣ ከብቶችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? ዝናቡስ በጊዜው አባራ? የምትሠሪው ሸክላ ከእሳት ሳይሰነጠቅ ይወጣልሻል? እኔን ከጠየቅሽ፣ የአባቶቻችን አምላክ ይመስገን፣ የሰጡኝን እበላለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ፣ ሲነጋ እነሣለሁ። ደህና መሆን ይህ ከሆነ ደህና ነኝ።

ይህን ወረቀት የሚያነብልሽ ቄስ ተሰማ ነው። ከማንበቡ በፊት ግን ማለዳ ከሽማግሎች ጋር መጥቶ ወንድማችን ቄስ ሳህሌ ማረፉን እንዲያረዳሽ፣ ወረቀቱን በሚያደርሰው ሾፌር በኩል በቃል ልኬበታለሁ፤ መርዶ በደብዳቤ አይነገርምና። እንግዲህ አልቅሰሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ፣ ሰዎቹም ዙሪያሽን ተቀምጠው ነው ብዬ እጽፋለሁ። ቄስ ተሰማ፣ ወረቀቱ በርኩስ እጅ ተጽፏል ብለህ ከሩቅ ይዘህ እንዳታነበው፤ ዐይንህ እንደሁ ከቅርብም አያይ። አብሮ አደጌ ስለሆንክ አንተ ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ ሰው ካለ አንቱ እያልክ አንብበው። ስለ አንተ የተጻፈ ቦታም ይመጣልና እንዳትዘለው። ብዙወርቅ ፊደል ባትቆጥርም ሰው ሲዘል ታውቃለች።

ሳህሌ ያረፈው ዓርብ ጠዋት ነው። ደረቱን ከያዘው ቆይቶ ነበር፤ ቢሆንም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጸሎት ቤታችን ውስጥ ተቀምጠን ለስግድ በዓል ንባብ ስንከፋፈል እንደ ወትሮው አደረቀኝ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። ዕድሜዬን ለባቡሩ ብረት ስቀጠቅጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ንባቡን ያወቅሁት ልጆች ሆነን እሱ ከመምህሩ እግር ሥር ሲማር እኔ ከአጠገቡ ስቁነጠነጥ ስለነበር ነው፤ ዱላውን እኩል ስለቀመስን ትምህርቱም እኩል ገባ። ስለዚህ እዚህ አቃቂ ከመጣን ጀምሮ በየዓመቱ በስግድ ቀን ኦሪቱን ሁለት ሆነን ነበር የምናነብ። አንዱን እሱ ያነባል፣ ተከታዩን እኔ፣ ደግሞ እሱ፣ ደግሞ እኔ። ረጅሙ ሁሉ የሱ ነው፣ አጫጭሩ የኔ። ሐሙስ ዕለትም፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ረጅሙን ብትሰጠኝ ምን አለበት?» አልኩት። «ያንተ ድምፅ እንደ መዶሻህ ነው፣ ሰው ያስደነግጣል» አለኝ። እሱ ራሱ ሲያነብ ከወንዝ ማዶ ያሉ በሬዎች ቀና ይሉ ነበር። ከሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው፤ ቁም ነገር ተናግሮ ሞተ ብዬ እንዳላወራለት አደረገኝ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ፤ ቄስ ተሰማም ጆሮህን ስጠኝ፣ ይህ አንተንም ይመለከታል።

ስግድ የሚውለው የፊታችን ረቡዕ ነው። ሬሳ የነካ ሰው ደግሞ በሕጋችን ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጣል፤ ጸሎት ቤት አይገባም፣ ኦሪት አይነካም፣ ከንጹሕ ሰው ጋር አይቀላቀልም። ሳህሌን ዓርብ የነካ ረቡዕ በዓሉን ወደምናከብርበት ኮረብታ አይወጣም ማለት ነው። እኛ የኦሪት ሰዎች እዚህ ያለነው ደግሞ ጥቂት ቤት ነን፤ ሸማኔዎች፣ አንድ ግንበኛ፣ አንድ የጃጀ ቀጥቃጭ፣ ሚስቶቻችንና ልጆቻችን። ከሳህሌ በኋላ ፊደል አንብቦ ኦሪት የሚያሰማ እኔ ብቻ ቀረሁ። ስለዚህ የጸሎት ቤታችን አዛዥ ናዛዥ የሆነችው ፈለቀች፣ ሸማኔ ባሏ ከሞተባት የቆየች ሴት፣ ልቅሶው ገና ሳይሟሟቅ የሳህሌ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «ቀናው እንዳይጠጋ! ወንድሙም ቢሆን እንዳይጠጋ! አንባቢያችን እሱ ነው» ብላ አወጀች። እኔም ከአጥሩ ውጭ እንደ አበደ ውሻ ተለይቼ ቆምኩ።

ይህን የሰማው ኦልጅራ፣ ባቡር ሲመጣ መንገድ የሚዘጋው ጎረቤቴና የሠፈራችን እድር ዳኛ፣ ቃሬዛ አሸክሞ መጣ። «አባባ ቀናው፣ እናንተ ለበዓላችሁ ንጹሕ ሆናችሁ ቁሙ። አጥቦ መገነዙንም መሸከሙንም ለእኛ ተዉት። ለኛ ሬሳ ሬሳ ነው፣ ታጥበን እራት እንበላለን» አለ። ብዙዬ፣ ከአቃቂ በሰቃ የመጡት የኦልጅራ ሰዎችና የባቡር ጣቢያው ክርስቲያኖች ናቸው ወንድማችንን ያጠቡት። አንቺ ይህን ስትሰሚ ትከፊ ይሆናል። እኔም ልከፋ ፈልጌ ነበር፤ ከአጥር ውጭ ሆኜ ሳያቸው ግን በደንብ አጠቡት። ድሮ ቀጥቃጭ ናቸው ብለው ዐይናችንን ሲሸሹ የነበሩ ሰዎች ልጆች ጥፍሩን ሳይቀር አጸዱለት። ደግነቱ ዐይኑ ተከድኖ ነበር።

ሰንበት ሳይገባ መቅበር ነበረብን። መቃብራችን ያለው ከወንዙ በላይ ባለው ተዳፋት ነው፤ አፈሩ ዝናብ ባያገኘውም ከሥር ውኃ ያዝላል። የኦልጅራ ሰዎች ቃሬዛውን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። እኛ ወንዶቹ በወዲህ በኩል ራቅ ብለን ቆመናል፤ ሴቶቹ ከኛ ወዲያ። ሊያወርዱት ሲሉ የኦልጅራ እግር ጭቃው ላይ ከዳው። ቃሬዛው አጋደለ። ሳህሌ በጎኑ ተንሸራተተ።

ማን ቀድሞ እንደዘለለ አላውቅም። የማውቀው ሁላችንም እዚያ መሆናችንን ነው። ሸማኔዎቹ፣ ግንበኛው፣ እኔ፣ አንካሳው አማቼ ሳይቀር። ሳህሌ መሬት አልነካም። በእጃችን ላይ አርፎ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ያስገባነውም እኛ ነን፣ ምክንያቱም ከያዙ በኋላ መልቀቅ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ቀና ስንል እጃችንን አየን።

ፈለቀች ከወዲያ ሆና፣ «ማን ቀረ?» ብላ ጮኸች። ሁላችንም እጃችንን ከፍ አድርገን አሳየናት። «ከወንዱ ሁሉ አንድ እንኳ ያልነካ የለም? አንድ ሰነፍ እንኳ የላችሁም?» አለች። ግንበኛው ትንሽ አሰበና፣ «እኔ በእጄ አልነካሁም፣ በደረቴ ነው የደገፍኩት» አላት። «ደረትህ የማን ነው?» አለችው። ኦልጅራ ከጭቃው ተነሥቶ፣ «ጥፋቱ የኔ እግር ነው፣ በዓላችሁን አበላሸሁባችሁ» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ እያየሁት ነበር። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ጭቃ እንደሆነ፣ አንዱ ቁልፉ እንደተበጠሰ አየሁ። ሌላ ምንም አልመጣልኝም።

አሁን የምጽፍልሽ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አሮጌ የሐዲድ እንጨት ከሚከመርባት ቆርቆሮ ቤት ሆኜ ነው። ኦልጅራ አለቃውን ለምኖ ነው ያገኘልን። ወንዱ ሁሉ እዚህ ነው። ቤቱ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል። ትናንት ሰንበትን እዚሁ አሳለፍን፤ የሰንበቱን ዳቦ የሚባርክ ቄስ ስለሌለ ዳቦውን እያየን ቆየንና ሲርበን ዝም ብለን በላነው። ምግብ የምታመጣው ፈለቀች ናት። ከደጁ ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና ወደ ኋላ ሄዳ፣ «ብሉ እንግዲህ፣ ጀግኖች!» ትላለች። የልጅ ልጄ አስቴርም ከእሷ ጋር መጥታ፣ «አባባ፣ ምን አጥፍተው ነው የታሠሩት?» ብላ ጮኸችብኝ። «ሰው ሲወድቅ ይዤ ነው» አልኳት። «ታዲያ ይኼ ጥፋት ነው?» አለች። ጥያቄዋን ለቄስ ተሰማ አስተላልፌያለሁ፤ እኔ ቀጥቃጭ ነኝ።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ክርስቲያኖቹ ኅዳር ሚካኤልን ያከብራሉ፤ ኅዳር ሲታጠን ነው ብለውም በየደጁ ቆሻሻ ሰብስበው አቃጥለዋል። ከዚህ እስከ ሳሪስ ድረስ አገሩ ጭስ ብቻ ነው። ሁሉም ዐይኑን እያሸ ያነባል። እኔም ዐይኔን አሸሁት፤ ደረቅ ነው። ብዙዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አላለቀስኩም። በዓርቡ ቀብርም፣ ትናንትም፣ ዛሬም። ሰዎቹን አስቃቸዋለሁ፣ እነሱም ይስቃሉ፤ እኔም እንደምስቅ የማውቀው ድምፄን ስሰማ ነው። ዳቦው ዳቦ፣ ወጡ ወጥ እንደሆነ ይገባኛል፤ ጣዕሙ ግን እንደ ሰው ወሬ ከሩቅ ነው። ይህን ያልኩሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ልቅሶዬን አንቺ ቀድመሽ ጨርሰሽልኝ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው፤ ልጅ ሆነንም የኔን ድርሻ እንጎቻ ትበዪብኝ ነበር።

እንግዲህ ክርክሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ትናንት ሰንበት እንደወጣ ፈለቀች ከድንጋዩ ወዲያ፣ እኛ ከወዲህ ሆነን ስለ ስግድ ተማከርን። ግንበኛው ዘንድሮ ይቅር አለ። ፈለቀች፣ «አንድ ዓመት የቀረ በዓል ሁለተኛውን ጎትቶ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ልጆቻችሁን ምን ናችሁ ብላችሁ ታሳድጓቸዋላችሁ?» አለች። እውነቷን ነው። እዚህ ከተማ ዳር ላይ ማን እንደሆንን የምናውቀው ነጭ ለብሰን፣ ጾመን፣ በራሳችን ላይ ድንጋይ ተሸክመን በምንወጣባት በዚያች አንዲት ቀን ነው። በቀረው ጊዜ ሁሉ የፋብሪካና የባቡር ሰዎች ነን።

ሴቶቹ ንጹሕ ናቸው፣ ይወጣሉ። ኦሪቱን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ፈለቀች ራሷ ትሸከመዋለች። ቄስ ተሰማ፣ እዚህ ላይ እንደምታጉረመርም አውቃለሁ፤ ሴት ተሸክማው አያውቅም አይደል? ሳህሌም ሞቶ አያውቅም ነበር። እኛ ወንዶቹ ከኮረብታው ሥር፣ ከሐዲዱ ወዲህ ርቀን እንቆማለን። እስከዚህ ተስማማን። ማን ያንብብ? ከሸማኔዎቹ አንዱ፣ «ፈለቀች መጽሐፉን ገልጣ ከሩቅ ታሳየው፣ ቀናው ከሐዲዱ ወዲህ ያነባል» አለ። ጉልበቴ ላይ የተቀመጠ ዳቦ የማላይ ሰው ከባቡር ሐዲድ ማዶ ግዕዝ ላንብብ! ግንበኛው ደግሞ፣ «ለሳሪስ አቦው ደብተራ ግድግዳ ሠርቼለታለሁ፣ ቢለምኑት ይመጣል፤ ግዕዙ ያው ግዕዝ ነው» አለ። ፈለቀች፣ «ይመጣል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል» ብላ ዘጋችው።

እኔ ድርሻዬን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ያልኩት ነው፤ መጽሐፍ ሳልነካ ከሐዲዱ ወዲህ ቆሜ ላሰማው እችላለሁ። የሳህሌን ድርሻ ግን አላውቀውም። እሱ ሲያነብ እኔ የራሴ ተራ እንዳያመልጠኝ በሆዴ እየደገምኩ ነበር፤ እንዲህ ብዬ ነው ሁልጊዜ የኖርኩት። ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። የኔን ጨርሼ ቆምኩ። የሱ እንዴት እንደሚጀምር እንኳ አልመጣልኝም። ሸማኔዎቹ ሳህሌ እንዲጀምር የሚጠብቁ መስለው በሩን አዩ።

ግንበኛው፣ «ዝለለውና ያንተን ከያንተ አገጣጥም፤ ማን ያውቃል?» አለኝ። ፈለቀች ምግብ ልታስቀምጥ መጥታ ኖሮ ሰማችው። «ግማሽ ስግድ የለም። የሌለውን አለ ብለን ወደ ኢየሩሳሌም አንሰግድም። ወይ ሙሉ ይሁን፣ ወይ አልሆነልንም ብለን እቤታችን እንቀመጥ» አለች። የተሸከመችውን ሰሐን አላስቀመጠችም፤ ይዛው ቆመች። ሁሉም እኔን አዩኝ፤ እኔ ሽማግሌ ስለሆንኩ ሳይሆን የምቀልደው ነገር እንዲኖር ፈልገው ይመስለኛል።

«አልዘለውም» አልኳት። «የኔን ድርሻ እላለሁ። የሳህሌ ድርሻ ሲደርስ ዝም ብለን እንቆማለን፣ እሱ የሚፈጅበትን ያህል። ከዚያ ያንተ ተራ ነው እንዳለኝ ቆጥሬ የኔን እቀጥላለሁ። ደግሞ የሱ ሲደርስ ደግሞ ዝም።»

«ምን ያህል እንደሚፈጅበት በምን ታውቃለህ?» አለች።

«እሱ ሲያነብ መጀመሪያ ሕፃናቱ ያዛጋሉ፣ ከዚያ አንቺ ወገብሽን ትይዣለሽ፣ ከዚያ ይጨርሳል። ወገብሽን ስትይዢ እቀጥላለሁ» አልኳት።

ሳቋ መጣባትና በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሳቅ አልነበረም። ሰሐኑን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ፣ «ይቀዘቅዛል፣ ብሉት» ብላ ሄደች። እሺ አላለችም፤ ግን ሌሎቹ ሴቶች ልብስ ሊያጥቡ ወንዝ ሲወርዱ አየናቸው። ለበዓሉ ነጩን ልብስ የሚያጥቡት ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ኦልጅራ መጥቶ ከደጁ ቆመ። እሱ መግባት ይችላል፣ ለሱ ርኩስም ንጹሕም አንድ ነው፤ ግን ያፍራል። «አባባ ቀናው፣ ረቡዕ ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ንባብ በምታደርጉበት ሰዓት መሀላችሁን አቋርጦ ያልፋል። ላቆመው አልችልም። ነጂው ጥሩንባውን እንዳይነፋ ግን ልለምነው እችላለሁ» አለኝ። «ተወው ይንፋ» አልኩት። «በኔ ድርሻ ላይ ከመጣ ቆሜ አሳልፈዋለሁ። በሳህሌ ድርሻ ላይ ከመጣም ሳህሌ ከዚያ የበለጠ ይጮህ ነበር፤ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም።»

ሌላው ወሬያችን እንዲህ ነው። የግንበኛው ልጅ መሰለች በጥር ትዳራለች፤ ሙሽራው ሸማኔ ነው፣ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ለራሱ የሚለብሰውን በግማሽ ቀን ይሠራል። የጸሎት ቤታችን ክዳን ከሠርጉ በፊት ይታደሳል፤ የመቃብሩንም ዳገት በድንጋይ ልንክበው ተማምለናል፣ ደግሞ ሰው እንዳይንሸራተት። በሠርጉ የሚባርክ፣ በፋሲካም በጉን የሚያርድ ቄስ ግን የለንም። ቄስ ተሰማ፣ ስለ አንተ ያልኩት ቦታ ይኸው። ለጥር ና። እኔ ያደረግሁት ሁሉ ስሕተት ከሆነ መጥተህ ፊት ለፊት ተቆጣኝ፤ እዚያ ሆነህ ስትቆጣኝ አይሰማኝም። ሴት ኦሪት ትሸከም ወይ፣ ርኩስ ሰው ከሐዲድ ማዶ ይጸልይ ወይ ብዬ የጠየቅሁህ መልስህ ሳይደርስ በዓሉ እንደሚያልፍ እያወቅሁ ነው።

ብዙዬ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ወደ ጎንደር የሚወጣ የጭነት መኪና ነገ ሰኞ ይነሣል። ሾፌሩ ለኦልጅራ፣ ወረቀቱን ዛሬ ማታ ብትሰጡኝ ከረቡዕ በፊት አደርሰዋለሁ ብሎት ነበር። እኔ አልሰጠውም። ዓርብ ለሚነሣው ነው የምሰጠው። ስለዚህ ይህ ሲነበብልሽ ስግድ አልፏል። እኛ እንዴት እንደሆንን፣ ፈለቀች ወገቧን ትያዝ አትያዝ፣ አሁን ስጽፍ አላውቅም። አንቺ ግን ነጭሽን ለብሰሽ፣ ጉልበትሽን እየተማረርሽ ወጥተሽ፣ ቄስ ተሰማ ሙሉውን አንብቦልሽ፣ ሳህሌም በዚያው ሰዓት አቃቂ ላይ እያነበበ ነው ብለሽ አስበሽ ወርደሻል። በዚያ ቀን አንድ ቦታ እንኳ እንዲያነብ ብዬ ነው ያዘገየሁብሽ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ።

ለልጆችሽ ለሁሉም በየስማቸው ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ለጠጄ፣ ባሏ አሁንም የሚያንኮራፋ ከሆነ ወደ ጎኑ ታገላብጠው በይልኝ። ለምራትሽ ለዙፋን፣ ለታናናሾቹ ሁሉ ሰላም በይልኝ፣ አዲስ የተወለደውንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ሳህሌ እናንተን በየሰንበቱ በስም እየጠራ ይጸልይ ነበር፤ አሁን እኔ እጠራችኋለሁ፣ ስም ከሳትኩ ይቅር በሉኝ። ከዚህ ባለቤቴ፣ ልጄና አንካሳው አማቼ፣ አስቴር፣ ፈለቀች፣ ኦልጅራም ሳይቀር እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለውሻል። አብረውኝ ያሉት ሸማኔዎች ተኝተዋል፤ የነሱን ሰላምታ እኔው ጨምሬያለሁ።

ወንድምሽ ቀናው

አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.